የተሳሳተው ልጅ ምን ይሁን? ከጀስዊቶች እስከ ካሁት

ካሁትን፣ ኩዊዚዝን፣ ጊምኪትን ወይም ብሉኬትን የነካካ ሰው ይህችን ገጽ ያውቃታል። መምህሯ ጥያቄዎቿን ጽፋ ጨርሳለች። ተማሪዎቹ ስልክ ስልካቸውን ይዘው፣ የሚያስቅ የውሸት ስም አስገብተው ይቁነጠነጣሉ። ጨዋታው ሊጀመር ነው። ከመጀመሩ በፊት ግን ድረ ገጹ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ በየትኛው ዓይነት ትጫወታላችሁ? በነፍስ ወከፍ ወይስ በቡድን? በሰዓት ወይስ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት? ወርቅ ፍለጋ? ግንብ ጥበቃ? ዓሣ ማጥመድ? መምህሯ ሥዕሉ ደስ ያላትን ወይም ከኋላ ወንበር የተጮኸለትን ትጫናለች። ሦስት ሰከንድ ብትፈጅ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ሦስት ሰከንድ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ታሪክ አላት ብል ታምኑኛላችሁ?

በመጀመሪያ በቃላት እንግባባ። ፈረንጆቹ «ሞድ» ይሉታል። ከአራዳው «ሙድ መያዝ» ጋር እንዳይምታታብን (ዝምድና ግን አላቸው፣ እንደርስበታለን) እኔ «የጨዋታ ዓይነት» እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሁለት ሦስተኛና አንድ ስድስተኛ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ?» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም የጨዋታ ዓይነት ውስጥ ያው ጥያቄ ነው። መልሱም ያው አምስት ስድስተኛ ነው። በትክክል የመለሰውም ልጅ በሁሉም ዘንድ ይጨበጨብለታል። ዓይነቶቹ የሚለያዩት በሌላኛው ልጅ ላይ ነው። የተሳሳተው ልጅ ምን ይሆናል? ይቀመጣል? ይሳቅበታል? ይከፍላል? ጓደኞቹን ይዞ ይወድቃል? ወይስ እንደገና ይሞክራል? የጨዋታ ዓይነት መምረጥ ማለት ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ማለት ነው። አብዛኞቻችን ግን መልስ መስጠታችንን እንኳ ሳናውቅ ነው የምንጫነው።

እንቆቅልሽ

ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ከቤት እንጀምር። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ተብሎ ሲጀመር ያላደገ ማን አለ? ሕጉን አስታውሱት። ያልመለሰ ሀገር ይሰጣል። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን፤ የፈለገውን። ጠያቂው ያልወደደውን ሀገር «አልፈልግም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ከወደደው ደግሞ ይገባበታል፣ ይበላል ይጠጣበታል፣ ከዚያም ሀገር የሰጠውን ልጅ በግጥም ይሞልጨዋል። ሙድ መያዝ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። ሞልጮ ሲያበቃ መልሱን ይነግረዋል፤ ቀጣዩ እንቆቅልሽ ይመጣል።

የጨዋታ ዓይነት ብለን ካየነው ድንቅ ነው። የተሳሳተው ልጅ የሌለውን ሀብት ይከፍላል፤ ጎንደርን ሰጥቶ የደኸየ ልጅ አልታየም። ይሳቅበታል፣ ግን ተራው ደርሶ እሱም ይስቃል። ከጨዋታው አይባረርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መልሱን ሳይሰማ አይቀርም። እነዚህን ነገሮች፣ በተለይ የመጨረሻዋን፣ በልባችሁ ያዙልኝ። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰባቸው ድረ ገጾች እንኳ ሁሉንም አሟልተው አይገኙም።

ሮምና ካርታጎ

የክፍል ውስጥ ፉክክርን በደንብ ጽፈው ካስቀመጡት ቀደምቶች መካከል ጀስዊቶች አሉበት። አዎ፣ እነዚያው ናቸው፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እኛም ቤት ገብተው ዐፄ ፋሲል ያስወጧቸው። ማኅበሩ በ1599 ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የሚያገለግል የትምህርት ደንብ አወጣ። በላቲን «ራሲዮ ስቱዲዮሩም» ይባላል። በደንቡ ውስጥ «ኮንሰርታሲዮ»፣ ማለትም ፉክክር፣ የሚባል ክፍል አለ። መምህሩ ሲጠይቅ ተቀናቃኞች አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማሉ፤ ወይም ራሳቸው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። በብዙ የጀስዊት ኮሌጆች ክፍሉ ለሁለት ጎራ ተከፍሎ አንዱ ሮም፣ ሌላው ካርታጎ ይባል ነበር። ጎራዎቹ ሹማምንት ነበሯቸው፤ እያንዳንዱም ልጅ በወዲያኛው ጎራ የራሱ ተቀናቃኝ ነበረው።

እዚህ የተሳሳተው ልጅ ምን ይሆናል? ጠላቱ ያርመዋል፣ ነጥቡም ለጠላት ጎራ ይሄዳል። ጨካኝ ይመስላል። ግን አንድ ብልሃት አለበት። ፉክክሩ ባብዛኛው እኩያን ከእኩያ የሚያገናኝ ነበር። ተራ ወታደር ከተራ ወታደር፣ ሹም ከሹም ይገጥማል። ተራው ልጅ ሹሙን መግጠም ቢፈልግ ይፈቀድለታል፤ ካሸነፈውም ሹመቱን ይወስዳል። የክፍሉ የመጨረሻ ልጅ በየቀኑ ከአንደኛው ጋር እየተጋጨ አይደቅም ማለት ነው። ይህችን ነገር ድረ ገጾቹ ረስተዋታል፤ ኋላ እናነሣታለን።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ጆሴፍ ላንካስተር የሚባል ወጣት ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በ1798 በከተማዋ ደቡብ የድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። አንድ መምህር በመቶዎች ለሚቆጠሩ ልጆች! መፍትሔው ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን እንዲያስተምሩ ማድረግ ነበር። ትንንሾቹ በግማሽ ክብ ተሰልፈው ይቆማሉ። አንዱ ሲሳሳት ቀጥሎ ያለው ያርመዋል፤ ያረመውም ቦታውንና የደረት ምልክቱን ይወስዳል። ጎበዞች ካርድ ይሰጣቸዋል፤ ካርዱ ሲጠራቀም በመጫወቻ ዕቃ ይለወጣል። ዛሬ ብሉኬት ላይ የሚጠራቀመው ሳንቲም ቅድመ አያቱ ይኼ ነው። ላንካስተር ዱላን ይቃወም ነበር። በዱላ ፋንታ ግን ማሳፈርን ነበር ያመጣው፤ ጥፋተኛ ልጅ በቅርጫት ተከቶ ከጣሪያ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ደረጃውን ለሁሉም ሰው ዓይን ማሳየት ከመጀመሪያው እንዲህ ሁለት ፊት አለው።

የተሳሳተ ይቀመጥ

አሜሪካኖች የወደዱት ደግሞ ሌላ ነው። በ1925 ዋሽንግተን ውስጥ የመጀመሪያው ብሔራዊ የፊደል አጻጻፍ ውድድር ተካሄደ። ለፍጻሜ የቀረቡት 9 ልጆች ነበሩ። ከኬንታኪ ግዛት የመጣው የ11 ዓመቱ ፍራንክ ኒውሃውዘር «ግላዲዮለስ» የምትባለዋን የአበባ ስም ፊደል በትክክል ዘርዝሮ አሸነፈ። ውድድሩ ከመቶ ዓመት በኋላም አለ።

ሕጉ ቀላል ነው። የተሳሳተ ይቀመጣል። ለቴሌቪዥን ከዚህ የሚሻል የለም፤ ቁጥሩ እየቀነሰ ሲሄድ ልብ ይሰቅላል። ለክፍል ግን አስቡት። 40 ልጆች ቆመዋል። ፊደል የማይችለው ልጅ በመጀመሪያው ዙር ተሳስቶ ይቀመጣል። ፊደል የሚችለው ልጅ እስከ መጨረሻው 15 ቃል ይለማመዳል። ልምምድ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ አንድ ቃል፣ የማያስፈልገው 15! የዛሬዎቹ ድረ ገጾች ላይ የተሳሳተን እያስወጡ እስከ መጨረሻው የሚሄዱ ዓይነቶችም ይህንኑ ሒሳብ ነው የወረሱት።

እኛ ደግሞ «ጥያቄና መልስ» አለን። የወላጆች በዓል ሲሆን ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ጎበዝ ተመርጦ መድረክ ይወጣል። ሌላው ያጨበጭባል። እዚህማ የተሳሳተው ልጅ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅም አይቻልም፤ ሊሳሳት የሚችለው ልጅ መጀመሪያውኑ መድረክ አልወጣም።

ኦስቲን፣ 1971

እስካሁን ያየነው ሁሉ የተሳሳተውን ልጅ በተለያየ መንገድ የሚቀጣ ነው። ይህ ቅጣት ከክፍል አልፎ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የታየው በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን ነው። በ1971 የነጮችና የጥቁሮች ትምህርት ቤት መለያየቱ እንዲያበቃ ሲደረግ ነጭ፣ ጥቁርና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል ተገናኙ። ጥላቻው በረታ፤ ድብድብ ተነሣ። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መምህር የነበረው ኤሊየት አሮንሰን እንዲረዳ ተጠራ። እሱና ተማሪዎቹ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ክፍል ገብቶ ማየት ነበር።

ያዩትን እኛም እናውቀዋለን። መምህሩ ይጠይቃል። ጥቂት እጆች ይወጣሉ፤ «ቲቸር! ቲቸር!» ይባላል። አንዱ ይጠራል። እጃቸውን ያወጡት ሌሎች ፊታቸው ይጨልማል። የተጠራው ከተሳሳተ ግን ይፈካሉ፤ ዕድሉ ወደ እነሱ ሊመጣ ነውና። ሌሎቹ አቀርቅረው አትጥሩኝ እያሉ ይጸልያሉ። አሮንሰን የተረዳው ይህ የተለመደ ጥያቄና መልስ ራሱ የጨዋታ ዓይነት መሆኑን ነው፤ የአንዱ ስህተት ለሌላው ደስታ የሚሆንበት ዓይነት። እርስ በርስ በሚፈራሩ ልጆች መካከል ይህን ማጫወት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

እሱ ያመጣው ለውጥ «ጂግሶ» ይባላል፤ የተቆራረጠ ሥዕል እንደ መገጣጠም ያለ ነው። ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ይከፈላሉ። የሚማሩት ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ፣ ተቆራርጦ ለእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ይደርሰዋል። የጎንህ ልጅ ቋንቋው ቢኮላተፍም ያንን ቁራጭ የያዘው እሱ ብቻ ነው። ብትስቅበት ዝም ይላል፤ ዝም ካለ አንተም ፈተናውን ትወድቃለህ። ስለዚህ ትጠይቀዋለህ፣ ትጠብቀዋለህ። አሮንሰንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት በዚህ መንገድ የተማሩ ልጆች እርስ በርስ ይበልጥ ተዋደዱ፤ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትም ጨመረ።

በዚያው አሥር ዓመት መጀመሪያ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዴቭሪስና ኪት ኤድዋርድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፉክክሩን ሳያጠፉ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ልጆቹ ጎበዝና ሰነፍ በተቀላቀለበት ቡድን ሆነው አብረው ያጠናሉ። የውድድሩ ቀን ግን ከየቡድኑ ወጥተው፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ችሎታቸው ከሚቀራረብ ልጆች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። የመጨረሻውን ጠረጴዛ ያሸነፈው ልጅ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ካሸነፈው ጋር እኩል ነጥብ ለቡድኑ ይወስዳል። እነሆ የጀስዊቶቹ ብልሃት ከ370 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ! ደካማው ልጅ ለቡድኑ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ነጥብ አምጪ ሆነ።

ፊኛና ቀስት

ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ዓይነትን መቀያየር ቀላል ሆነ። ጥያቄውን ሳይነኩ ልብሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ይህን በጥናት ከመረመሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ቶማስ ማሎን ነው። በ1980 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ «ዳርትስ» የተባለውን የክፍልፋይ ጨዋታ መረመረ። ጨዋታው የተሠራው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለነበረው ፕላቶ ለተባለው የትምህርት ኮምፒውተር ነው። በቁጥር መስመር ላይ ፊኛዎች ተሰቅለዋል፤ ልጁ ፊኛው ያለበትን ቦታ በክፍልፋይ ገምቶ ይጽፋል፤ ቀስት ተወርውሮ ካገኘው ፊኛው ይፈነዳል።

ማሎን የጨዋታውን የተለያዩ ቅጂዎች ሠራ። ከአንዱ ሙዚቃውን አወጣ፣ ከሌላው ነጥቡን፣ ከሌላው ቀስቱንና ፊኛውን። ከዚያ ልጆቹ በየትኛው ላይ ብዙ እንደሚቆዩ ለካ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ እስካሁን ያስገርመኛል። ቀስትና ፊኛው ወንዶቹን ሲስብ ሴቶቹን ግን ያን ያህል አልሳበም፤ እንዲያውም የወደዱት አይመስልም። ክፍልፋዩ ያው ነው። ልብሱ ግን የክፍሉን ግማሽ ጋብዞ ግማሹን በር ላይ ተወ። ከኋላ ወንበር የተጮኸለትን ዓይነት የምትጫነው መምህራችን እዚህ ላይ ጆሮዋን ብታቀና መልካም ነው። የጮኹት ሁሉም አይደሉም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ነጥብንም፣ ፊኛንም፣ ተሸናፊንም አስወግዶ ጥያቄውን ብቻ አስቀረ። በ1991 የጀመረው ዘዴ እንዲህ ነው። ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪው ሁሉ ለብቻው አስቦ ምርጫውን ያሳያል። መልሱ ግን አይነገርም። «የተለየ መልስ ከሰጠ ጎረቤታችሁ ጋር ተከራከሩ» ይላቸዋል። አዳራሹ ይንጫጫል። ከዚያ እንደገና ይመርጣሉ። የተሳሳተው ተማሪ ምን ሆነ? ምክንያቱን ከጓደኛው ሰምቶ፣ ሐሳቡን ለወጠና ሁለተኛ ዕድል አገኘ። ማንም ስሙን አላየም።

ሰዓቱን ማን ይያዝ?

አሁን የእኛ ትውልድ የሚያውቀው ምዕራፍ ይመጣል፤ ፕላዝማ። በ2004 በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ ትምህርቶች በሳተላይት መተላለፍ ጀመሩ። የቴሌቪዥኑ መምህር ያስረዳል፤ ይጠይቃል፤ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ጥያቄውን ገና ከሰሌዳው እየገለበጠ ያለ ልጅ ነበር። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ምን እንደሚል ጎረቤቱን እየጠየቀ ያለም ነበር። ፕላዝማው አያውቅም። እዚህ የተሳሳተው ልጅ ምንም አይሆንም፤ መሳሳቱን የሚያይ የለምና። ከቅርጫቱ ይሻላል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

የሰዓቱ ጉዳይ ወደ ስልኮቹ ዘመን ተሻገረ። በኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልፍ ኢንጌ ዋንግ ከ2006 ጀምሮ የመማሪያ አዳራሽን የጥያቄና መልስ ትርዒት የሚያስመስል ሥርዓት ሲሞክሩ ነበር። ከዚያ ሥራ የተነሣው ካሁት በ2013 ለሕዝብ ቀረበ። አራት ቀለም፣ አራት ቅርጽ፣ ልብ የሚያስመታ ሙዚቃ። በተለመደው ዓይነቱ ለአንድ ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው ከፍተኛ ነጥብ 1000 ነው፤ ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ነጥቡ እየቀነሰ መጨረሻ ላይ 500 ይደርሳል። ማለትም አስቦ በትክክል የመለሰ ልጅ፣ ቶሎ በትክክል ከመለሰው በግማሽ ያንሳል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ አምስቱ መሪዎች በስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። ስድስተኛው ከሠላሳኛው ጋር አብሮ በጨለማ ውስጥ ነው።

እርግጥ ካሁት ራሱ ዓይነቶችን ጨምሯል። በቡድን ሲጫወቱ ጥያቄው ከወጣ በኋላ ለመመካከሪያ 5 ሰከንድ መልስ መስጫው ይቆለፋል። ፍጥነትን ከነጥብ ውጭ ማድረግም ይቻላል። ተማሪው በራሱ ጊዜ የሚሠራውም አለ። ግን ስንቱ መምህር ነው የተለመደውን ትቶ እነዚህን የሚጫነው?

በ2015 ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ የተነሣው ኩዊዚዝ (በ2025 ስሙን ዌይግራውንድ ብሎታል) ሰዓቱን ከመምህሩ ስክሪን አውጥቶ ለተማሪው ሰጠ። ጥያቄው በየራሱ ስልክ ይመጣል፤ ዘገምተኛው ፈጣኑን አይጠብቅም፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውን አይገፋም። በ2016 የወጣው ኩዊዝሌት ላይቭ ደግሞ የአሮንሰንን ኦስቲን የሚያስታውስ ነው። የቡድኑ አባላት ሁሉ አንድ ጥያቄ ያያሉ፤ የመልስ ምርጫዎቹ ግን ለየሰው ተከፋፍለዋል፤ ትክክለኛው ያለው በአንዱ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ሳይነጋገሩ አይሆንም። አንዱ ከተሳሳተ ግን ቡድኑ በሙሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መተጋገዝን በአንድ እጅ ሰጥቶ፣ የጓደኛን ግልምጫ በሌላው ጨመረበት።

ገንዘብና ዕድል

ጊምኪትን በ2017 የጀመረው በሲያትል አቅራቢያ የሚማር ጆሽ ፋይንሲልበር የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ተማሪ የሠራው መሆኑ ያስታውቃል። በመጀመሪያው ዓይነቱ በትክክል ስትመልስ የማስመሰያ ገንዘብ ታገኛለህ፤ ስትሳሳት ታጣለህ። በገንዘቡ የሚቀጥለውን ገቢህን የሚያሳድግ ነገር ትገዛለህ፤ ስህተት እንዳይጎዳህ ኢንሹራንስም አለ። የሰጠነውን ጎንደር በኢንሹራንስ እንደ ማስመለስ በሉት። ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ጥያቄዎቹ እየተመላለሱ ይመጣሉ። ዛሬ የተሳሳትከው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ያገኝሃል፤ አሁን ግን መልሱን ታውቀዋለህ።

የብሉኬቱ ወርቅ ፍለጋ ደግሞ ሎተሪ ነው። በትክክል ከመለስክ ከሦስት ሣጥን አንዱን ትመርጣለህ፤ ወርቅ ሊሆን ይችላል፣ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ የሌላውን ወርቅ የሚያስነጥቅ ሊሆን ይችላል። ጎበዙ ልጅ ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻው ደቂቃ ይዘረፋል። «ታዲያ ይሄ ምኑ ትምህርት ነው?» የሚል መምህር ብዙ ነው። እኔ ግን ለዚህ ዓይነት ጥቂት ልሟገትለት። ዕድል ያለበት ጨዋታ ለተሸናፊው ክብሩን ያቆይለታል። «ተዘረፍኩ» ማለት «አላውቅም» ከማለት ይቀላል። የክፍሉ የመጨረሻ ልጅም አንድ ቀን ያሸንፋል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ሣጥን መክፈቱ ከመመለሱ ይበልጥ ሲጣፍጥ ልጁ ጥያቄውን ሳያነብ መጫን ይጀምራል። በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ስለዚህ የሚለው አለው። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፣ ሽልማቱ ሲቀር በሥዕል የሚያሳልፉት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆነ። ሽልማት የምንወደውን ነገር ወደ ሥራ ሊለውጠው ይችላል።

እና የቱን እንጫን?

ሁለት ጥናቶችን ላስቀምጥና ልጨርስ። አንደኛው ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ነው። አንዱ የተማሪዎች ቡድን ጽሑፍን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ከአእምሮው እያስታወሰ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ሲያስታውሱ የነበሩት 61 በመቶ አስታወሱ። ጥያቄ የሚያስተምረው መልሱን ከራስ ውስጥ ፈልፍሎ የማውጣቱ ድካም ነው። እንግዲያው የጨዋታ ዓይነትን የምንመዝንበት የመጀመሪያ መለኪያ ጩኸቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ ያንን ድካም ደከመ የሚለው ነው። በመድረኩ ጥያቄና መልስ አብዛኛው ልጅ ዜሮ። በፊደል ውድድር ደካማው አንድ። 20 ጥያቄ ባለው ካሁት ሁሉም ሃያ። ጥያቄው በሚመላለስበት በጊምኪት ከዚያም በላይ።

ሁለተኛው ዋንግ ራሳቸው ከራቢል ታሂር ጋር በ2020 ያወጡት ነው። ስለ ካሁት የተደረጉ 93 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ጨዋታው በጥቅሉ ትምህርትንና የክፍሉን መንፈስ እንደሚያሻሽል አገኙ። ተማሪዎች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች መካከል ግን የሰዓቱ ጭንቀት፣ የመሸነፍ ፍርሃት፣ አንዴ ከተሳሳቱ በኋላ ሌሎችን መድረስ ማቃቱ ይገኙበታል። ሦስቱም ስለ ተሳሳተው ልጅ ናቸው።

ስለዚህ የእኔ ምክር አጭር ነው። ትምህርቱ አዲስ ከሆነ ሰዓቱን አጥፉት፤ ማሰብ ገና ያልጨረሰ ልጅ አይቀጣ። ክፍሉ የሚፈራራ ከሆነ በቡድን አድርጉት። ችሎታው የተራራቀ ከሆነ እኩያን ከእኩያ አጋጥሙ፤ ጀስዊቶቹ ያለ ኮምፒውተር ከቻሉት አያቅተንም። ወርቅ ፍለጋውን ለክለሳ፣ ልጆቹ ለደከሙበት ቀን አቆዩት። ፍጥነትን ደግሞ ሁሉም መልሱን ሲያውቅ ብቻ አምጡት፤ ያኔ ቀልድ ይሆናል እንጂ ፍርድ አይሆንም።

ስልክ የተከለከለበት፣ 60 ልጅ ያለበት ክፍል የሚያስተምር ወዳጅ ካላችሁም ይህ ታሪክ ለእሱም ነው። የማዙር ዘዴ ጣት ብቻ ይበቃዋል። ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት፣ መ አራት። ጎን ለጎን እንዳይኮራረጁ ጣቱ ደረት ላይ ይለጠፋል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሳዩ!» ከዚያ ሁለት ደቂቃ ክርክር፤ ከዚያ እንደገና ጣት። ስድሳውም መልሷል፤ የተሳሳተው ለምን እንደተሳሳተ ሰምቷል፤ ሀገርም አልተሰጠም።